የኦቦ ገመቹ ማመልከቻ

ሞታቸውን የነገረኝ የሸነን መስመር ሾፌር ነው። አምቦ መናኸሪያ ቆሜ ከጊንጪ የሚላክልኝን ዕቃ ስጠብቅ፣ ከመኪናው ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ “አስካለ! ከናንተ መሥሪያ ቤት ወደኛ የተዛወሩት አስተማሪ፣ ኦቦ ገመቹ፣ ትናንት አረፉ። ቀብራቸው ነገ ነው” አለኝና ጥሩንባውን ነፍቶ ሄደ። ወይ ጉድ! መርዶ እንዲህ ይነገራል? በኛ አገር በማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ሰው ቁጭ ተደርጎ ነው የሚረዳው። ሾፌሩ ግን አይፈረድበትም። ለሱ እኔ የሟቹ የድሮ የሥራ ባልደረባ እንጂ ዘመድ አይደለሁም። እንባዬ ሲወርድ ያየች ሙዝ ሻጭ “ምን ሆንሽ እትዬ?” ስትለኝ “አቧራ ገብቶብኝ ነው” አልኳት። ዝናብ ሲጥል ያደረበት ቀን ነበር።

እኔ ታይፒስት ነኝ። አምቦ ተወልጄ፣ አምቦ ተምሬ፣ በአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ኃላፊው የደብዳቤውን አናት ነግሮኝ ሳይጨርስ እኔ ግርጌው ላይ እደርሳለሁ። ጣቶቼ ከኔ በፊት ያውቃሉ እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ሰው በሚኮራበት ነገር ነው መቼም የሚሰናከለው።

ኦቦ ገመቹ ወደኛ ጽሕፈት ቤት የመጡት አብዮቱ ከፈነዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የጭልሞ ደን ጥግ የተወለዱ የደንዲ ገበሬ ልጅ ናቸው። ቤተሰባቸው ጴንጤ ስለነበር ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ባሕር ማዶ ሄደው፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ያኔ ሌላው ሰው እየወጣ ሲቀር እሳቸው ግን እየተቻኮሉ ነው የገቡት። “ለምን ተመለሱ?” ብዬ ብጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉትና፣ “እናቴ ደብዳቤ አታነብማ። በሰው እያስነበበች፣ በሰው እያስጻፈች የምትልክልኝ መልስ የሷ አይመስለኝም ነበር” አሉኝ።

ሥራቸው የትምህርት በራዲዮ ክትትል ነበር። ራዲዮ በትከሻቸው አንጠልጥለው ከጊንጪ እስከ ጉደር፣ ከጉደር እስከ ሸነን በእግርም በበቅሎም ይዞራሉ፤ ባትሪ ይቀይራሉ፣ ትምህርቱ ልጆቹ ጆሮ መድረሱን ያያሉ። ቢሮ ሲገቡ ደግሞ ሰላምታቸው አያልቅም። “አከም ቡልቴ፣ አስካለ?” ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። “ደህና” እላለሁ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ። “‘ደህና’ መልስ አይደለም፣ ማኅተም ነው። እናትሽ ያ ወገባቸው እንዴት ሆነላቸው?” እውነቱን እናገራለሁ፣ አንዳንድ ቀን ያናድዱኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ተራራ የሚያህል ወረቀት ተቆልሎ ስለ እናቴ ወገብ ማን ያወራል? በኋላ ግን ሌላ ሰው “ደህና ነሽ?” ብሎኝ መልሴን ሳይሰማ ሲያልፍ ቅር ይለኝ ጀመር።

አንድ ጊዜ ደንዲ ላይ የከብት ክትባት ሊሰጥ ነበር። በራዲዮ ተነገረ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ለፈፈ። ቀኑ ሲደርስ ሐኪሞቹ ሜዳ ላይ ቆመው ዋሉ፤ የመጣው ሦስት ላምና አንድ መንገድ የጠፋበት አህያ ነው። ኃላፊዎቹ “ይሄ ሕዝብ አይሰማም” ብለው ተናደው ተመለሱ። ኦቦ ገመቹ ግን ጊንጪ ገበያ ሄደው አዴ ብሪቱ የሚባሉ ጨው ነጋዴ ዘንድ ተቀመጡ። አሮጊቷ ምን አሏቸው መሰላችሁ? “ሰምተናል እንጂ! ግን ከብቱን ቆጥረው ሊወስዱብን ነው ብለን ፈራን። ራዲዮውን እንዳንጠይቀው መልስ አይሰጥ፣ ሊቀ መንበሩን እንዳንጠይቀው ይቆጣል።” ኦቦ ገመቹ ጨው ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው አዴ ብሪቱ የጠየቋቸውን ሁሉ ግማሽ ቀን ሲመልሱ ዋሉ። ስለ መርፌው፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ እርጉዝ ላም። በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳው በከብት ተጥለቀለቀ።

ይህን የነገሩኝ ቀን ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ያበራ ነበር። “አየሽ አስካለ፣ ሰው የሰማውን አያምንም። ጠይቆ የተመለሰለትን ነው የሚያምነው። ይሄን ነገር በደንብ ማጥናት እፈልጋለሁ” አሉኝ። ጥናቱ እንዲህ እንደ ዋዛ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ለካ ዶክትሬት ኖሯል ሐሳባቸው። የኮሙኒኬሽን ጥናት የሚባል ትምህርት አለ፣ ሰው ከሰው እንዴት እንደሚግባባ የሚመረመርበት አሉኝ። እኔ ግን “ኮሙኒኬሽን” ሲባል የማውቀው የቴሌን ሠራተኞች ስለሆነ “ውይ ኦቦ ገመቹ፣ በዚህ ዕድሜዎ እንጨት ላይ ወጥተው ሽቦ ሊቀጥሉ ነው?” ብያቸው እስኪያነቡ ሳቁ።

ማመልከቻውን ክረምቱን ሙሉ ነው የሠራነው። “የሠራነው” የምለው አብሬ ስለተሰቃየሁ ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ አገሩን ተዉት፣ ያኔ መንግሥት ከማይወደው አገር ነበር፣ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ምን ሊያጠኑ እንደሆነና ለምን እንደሆነ የሚናገር። ከሥራ ሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛው ታይፕ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ይነግሩኛል። የኔ እንግሊዝኛ ፊደል መልቀም እንጂ ትርጉም ላይ አይደርስም። አንድ አረፍተ ነገር ከመታሁ በኋላ ቆም ብለው ያንኑ በአማርኛ፣ አማርኛው አልጥም ካላቸው በኦሮምኛ ይነግሩኝና “ገባሽ?” ይሉኛል። “አዎ” ካልኩ “እስቲ ንገሪኝ” ይላሉ። ካቃተኝ ይሰረዛል፣ እንደገና ይመታል። ዘጠኝ ጊዜ! “ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ የሚያነቡት ፕሮፌሰሮች አይደሉ እንዴ?” ብዬ ጮህኩባቸው አንድ ቀን። “አንቺ ያልገባሽን ነገር እኔም ገብቶኝ አይደለም የጻፍኩት” አሉኝና ወረቀቱን ራሳቸው ከታይፑ መዘዙት። ያን ጽሑፍ ዛሬም በቃሌ እላለሁ። እንግሊዝኛው ሳይሆን ሐሳቡ ነው በቃሌ ያለው።

ከዚያ ደግሞ ሥራቸውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ምስክርነት ያስፈልጋል ተባለ። ሁለቱ የድሮ አስተማሪዎቻቸው ናቸው። ሦስተኛዋ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አዴ ብሪቱ! ኃላፊያችን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። “ጨው ሻጭ ለዶክትሬት ትመሰክራለች?” አለ። ኦቦ ገመቹ አልሳቁም። “ሥራዬን የሚያውቅ ነው የሚለው ፎርሙ፣ የተማረ አይልም” አሉ። አሮጊቷ በኦሮምኛ ተናገሩ፣ እሳቸው ቃል በቃል ተረጎሙ፣ እኔ መታሁ፣ አዴ ብሪቱ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። “ይህ ሰው ስጠይቀው አይቆጣም። የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ከብቶቼ በሱ ምክንያት በሕይወት ቆመዋል። ወስዳችሁ አታስቀሩት፣ መልሱልን” ይል ነበር ቃላቸው።

የቀረው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ይህኛው በአማርኛ ተጽፎ፣ በኃላፊያችን ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት የሚሰጥ ነው። ኦቦ ገመቹ ሲያመለክቱ ከኔና ከኃላፊያችን በቀር ለማንም አላወሩም፤ ሊደብቁ ፈልገው ሳይሆን አካሄዱን ስለሚያውቁ ነው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን መልስ ይዘው፣ ከዚያ አዲስ አበባ የሚያውቋቸው የሚኒስቴሩ ሰዎች ዘንድ ገብተው በይፋ ፈቃድ መጠየቅ ነበር ሐሳባቸው። አውራጃ ላይ ከተወራ ነገሩ በእንጭጩ እንደሚቀጭ ያውቃሉ።

ያን ማስረጃ እኔ መታሁት። አራት መስመር ናት። “ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለሚያቀርቡት ማመልከቻ እንዲረዳቸው” ትላለች። ያኔ ከጽሕፈት ቤታችን የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ግርጌው ላይ ግልባጭ ነበረው፦ ለአውራጃው የፖለቲካ ጉዳይ ቢሮ፣ ለሠራተኞች ማኅበር፣ ለመዝገብ ቤት። የጠመኔ መጠየቂያ እንኳ ለፖለቲካ ቢሮ ግልባጭ ይደረግለት ነበር። ማንም “ጨምሪ” አላለኝም፣ ማንም “ተይ” አላለኝም፤ ጣቶቼ ራሳቸው ጨመሩት። ካርቦኑን አውጥቼ ቅጂዎቹን ለየሁ፣ ኃላፊው ግርጌውን ሳያይ ፈረመ፣ ተላላኪው እንደ ሌላው ደብዳቤ ሁሉ አደለ። ኦቦ ገመቹ ዋናውን በፖስታ አድርገው “ገለቶሚ፣ አስካለ” ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ሻይ ጠጣሁና ሌላ ሥራ ቀጠልኩ።

የዩኒቨርሲቲው መልስ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ተቀብለዋቸዋል፣ ወጪያቸውንም ይችላሉ። ከደብዳቤው ግርጌ በእጅ የተጻፈ ነገር ነበረበት፤ ኦቦ ገመቹ ሦስቴ አነበቡልኝ። “ሦስተኛዋን ምስክር አንድ ቀን ለማግኘት እመኛለሁ” ይላል። ዕለቱን ጊንጪ ወርደው ለአዴ ብሪቱ ነገሯቸው። አሮጊቷ በገበያው መሀል እልል አሉ አሉ።

ሳምንት አልሞላም፣ የፖለቲካ ቢሮው አስጠራቸው። ጧት ገብተው የወጡት ከምሳ በኋላ ነው። ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥተው “ውሃ ይኖርሻል?” አሉኝ። ጠርሙሴ ውስጥ የቀረውን ጠጡና ወጡ። ወዲያው ኃላፊያችን ጠራኝ። ላብ አጥምቆታል።

“የገመቹን ማስረጃ ለፖለቲካ ቢሮ ማነው የላከው?”

“እኔ እንጃ፣ ማን ይልካል?” አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልመጣልኝም ነበር።

ፋይሉን ገልብጦ ፊቴ አኖረው። ግልባጭ። የራሴ ምት። ቅጂው እነሱ ዘንድ ለወራት ተቀምጦ ኖሯል። ኦቦ ገመቹን “ከፖለቲካ ድርጅቱ ተደብቀህ ከኢምፔሪያሊስቶች ጋር ስትጻጻፍ እናውቃለን፣ ይኸው ማስረጃው” ብለዋቸዋል።

“እኔ አዝዤሻለሁ?” አለኝ ኃላፊው።

“አላዘዙኝም።”

“እኔም ሳላይ ፈርሜያለሁ።” ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። “በቃ፣ ዝም ብንል ይሻለናል። ያለቀ ነገር ነው።”

ዝም አልን። እሱ ለወንበሩ ፈርቶ ነው። እኔስ? የማስተዳድራቸው እናትና እህት አሉኝ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ እንጂ ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም። ጧት ሲገቡ “አከም ቡልቴ?” ይሉኛል፣ “ደህና” እላለሁ። አንድ ጊዜም ቢሆን “ኦቦ ገመቹ፣ እኔ ነኝ” አላልኩም።

በሩ ግን ጨርሶ አልተዘጋም ነበር። ያ የፖለቲካ ኃላፊ ሌላ መንገድ አቀረበላቸው፤ ከወዳጅ አገሮች ወደ አንዱ ድርጅቱ ራሱ ይልካቸዋል፣ እዚያው ዶክትሬታቸውን ይይዛሉ። ታዲያ ጥናቱ ይስተካከል፤ ራዲዮው ሰፊውን ሕዝብ እንዴት እንዳነቃ፣ ገበሬው የተነገረውን ሁሉ እንዴት ሰምቶ እንደተቀበለ ተደርጎ ይጻፍ ተባሉ። ኦቦ ገመቹ ሁለት ሳምንት አሰቡበት። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥተው፣ “አስካለ፣ እንጻፍ” አሉኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እግዜር ኃጢአቴን ሊያነሳልኝ ነው አልኩ። ከሄዱልኝ፣ የትም ይሁን የት ዶክተር ከሆኑልኝ፣ እኔ ነጻ ነኝ።

በአማርኛ ነበር የሚጻፈው። ወረቀቱን ሳስገባ በጣም ቀስ ብለው፣ “ግልባጭ አትጨምሪበት እንግዲህ” አሉኝ። ቀና ስል መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው፣ አያዩኝም። አወቁ። አውቀው ነው የኖሩት ለካ። ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው ከፈትኩ፣ የወጣኝ ግን “እሺ” የሚል ብቻ ነው።

አንድ ገጽ ያህል ሄድን። “የአውራጃው ገበሬዎች በራዲዮ የሚተላለፈውን ትምህርት ያለ ልዩነት...” አሉና ቆሙ። ደጅ የጋሪ ፈረስ ያናፋል። “ያለ ልዩነት ሰምተው በሙሉ ልብ...” አሁንም ቆሙ። “ቀጥሉ እንጂ ኦቦ ገመቹ” አልኳቸው፣ ድምፄ ልመና ሆኖ። “አዴ ብሪቱ ይሄን ብሰጣት ትፈርምበታለች?” አሉኝ። “እሷ የት ታየዋለች?” አልኩ። “እኔ አየዋለሁ” አሉና ወረቀቱን ከታይፑ መዝዘው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከመውጣታቸው በፊት ታይፑን ራሳቸው በልባሱ ሸፈኑልኝ።

ከወር በኋላ ሸነን በአስተማሪነት እንዲመደቡ ተወሰነ። የዝውውር ደብዳቤውን የመታሁት እኔ ነኝ። እሱም ግልባጭ ነበረው።

ሸነን አምስት ዓመት ኖሩ። ወሬያቸው በሾፌሮች አፍ ይደርሰኝ ነበር። የአገሩ ሰው “ዶክተር ሊሆን የነበረ ሰው ነው” የሚለውን ሰምቶ “ዶክተር” እያለ ይጠራቸው ጀመር፤ ልጁን ትኩሳት የያዘበት ሁሉ ደጃቸው ይመጣል አሉ። እሳቸውም ምን እንደሚያመው አንድ በአንድ ጠይቀው፣ በወረቀት ጽፈው ወደ ክሊኒክ ይሰዳሉ። የክሊኒኩ ድሬሰር “እንደሳቸው ወረቀት ግልጽ የሆነ የበሽታ ታሪክ ከሆስፒታልም አይመጣልኝም” ይላል። እየሳቅኩ ሰማሁ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሁለት ጊዜ ሸነን ልሄድ ተነስቼ መናኸሪያው ድረስ ወጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ “ዛሬ መኪና የለም” ብዬ ለራሴ ዋሽቼ ተመለስኩ።

ለቀብራቸው ግን መኪና አገኘሁ። ጭቃው ውስጥ አራት ቦታ ወርደን ገፍተናል። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ መዝሙር እየተዘመረ ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ሽማግሌ እኔ ማን እንደሆንኩ ሲነገራቸው ደስ አላቸው። የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፈው “ጽሕፈቴ አይነበብም፣ አንቺ ጸሐፊ ነሽ አሉ፣ እስቲ በንጹህ ገልብጪልኝ፣ አስከሬኑ ሳይወጣ ይነበባል” ብለው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ቃል “ዶክተር” ይላል። “ዶክተር ገመቹ በደንዲ ወረዳ ተወልደው” ይልና ይቀጥላል። እዚያ ቃል ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሄጄ ተንበረከክሁ። “አዴ ጫልቱ፣ ‘ዶክተር’ ብለው ጽፈዋል። አልሆኑም እኮ።”

“አልሆነም” አሉ። ዓይናቸው ደርቋል።

“እንዳይሆኑ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ማስረጃቸውን ለፖለቲካ ቢሮ ግልባጭ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።” አምስት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ነገር ይሄው ነበር፤ ሲነገር ግን ከሦስት አረፍተ ነገር አላለፈም።

አዴ ጫልቱም፣ “ቢሮው የጠራው ዕለት ነግሮኛል” አሉ። “‘ልጅቷ ክፋት የላትም፣ እጇ ነው፤ አንድ ቀን መጥታ ራሷ ትነግረኛለች’ አለኝ። መኪና በመጣ ቁጥር ‘አስካለ ትሆን?’ ይል ነበር። ሲታመም እንኳ ጠይቆኛል። እሱ ይቅር ብሎሽ ነው የሞተው። እኔ ግን ገና ነኝ።” ከዚያ ወረቀቱን በአገጫቸው አመለከቱኝ። “ያየሽውን ጻፊ።”

ጻፍኩ። “ዶክተር” የሚለውን አስቀርቼ “መምህር” አልኩ። እንዲህም አልኩ፦ “ለዶክትሬት ትምህርት ተቀባይነት አግኝተው ነበር፤ በጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት በአስካለ መንግሥቱ ስሕተትና ዝምታ፣ ኋላም ያላዩትን አይቻለሁ ብለው መጻፍ ባለመፍቀዳቸው፣ ሳይሄዱ ቀሩ።” ሽማግሌው ወረቀቱን ሲያዩ ደነገጡ፣ ወደ አዴ ጫልቱ ዞሩ። እሳቸው “ይነበብ” አሉ።

በአማርኛ ተነበበ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ተነበበ፤ ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠራ። ተማሪው፣ ገበሬው፣ ከጊንጪ የመጣው፣ ግቢው ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። አንገቴን አልደፋሁም። ሁሉም ሰማ። ኦቦ ገመቹ ብቻ አልሰሙም።